ሲዲ ነኝ ያለው ሞደም

አቶ መርስዔ ኀዘን ሰው አያምኑም። ባጃጅ ከመሳፈራቸው በፊት ዞረው ታርጋውን ያያሉ፤ ዓሣ ሻጩ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ቢላቸው «ሲወጣ ማን አየ?» ይሉታል። የጣና ደሴት የደቅ ካህን ልጅ ናቸው፤ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ላፕቶፓቸው ላይ እንኳ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫኑት ውስጡ ለማንም የተገለጠ ስለሆነ ነው። «ሠሪው የሸሸገውን ነገር እኔ ቤት አላስገባም» ይላሉ። ባለቤታቸው ሸጊቱ ካረፉ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ባለው ቤታቸው ከልጃቸው ከዜማ ጋር ብቻቸውን ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው ምናሴ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የኢንተርኔት ሞደም ይዞ የመጣው። ምናሴ ዜማን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ የአባትየውን ፈቃድ የሚጠባበቅ ወጣት ነው። «የኢንተርኔት መስመር እዚህ እስኪደርስ ይጠቀሙበት» ብሎ አስረክቦ ሄደ።

«ከሽማግሌ በፊት ዕቃ የሚልክ ምን ዓይነት አማች ነው?» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን።

ካርቶኑን አገላብጠው ቢያዩት ሊኑክስ የሚል ስም የለበትም። ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና ኮምፒዩተሩን ምን እንደገባበት ጠየቁት። ሲዲ ነው አለ። ነቅለው መልሰው ሰኩት፤ አሁንም ሲዲ።

«ዜማ! ነይ እስቲ እይው! ሌላ መስሎ ነው የገባ። ባለቤቱም እንዲሁ ነው!»

«ዕቃ እኮ ነው፣ አባባ» አለች ዜማ በሩ ላይ ቆማ። ፊቷ ግን ጥሩ አልነበረም፤ ምናሴ በአንድ ሞደም ጦስ ሊቀርባት ነው።

አባትየው ሲዲውን ከፍተው በረበሩት። ለዊንዶውስ የተሠራ መጫኛ ፕሮግራም ብቻ ነው ያለበት። ይህም አላረካቸውም። «እንግዲያውስ ውጣልኝ!» ብለው ሲዲ የሚያስወጣውን ትዕዛዝ ጻፉ። ወጣ። ትንሽ ቆየና የሞደሙ መብራት ሰማያዊ ሆነ፤ ሲዲ ነኝ ያለው ዕቃ ሲባረር ጊዜ ሞደም ሆኖ ተመለሰ። ለካ ልማዱ ነው! መጀመሪያ ፕሮግራሙን ያቀርባል፣ አልፈልግህም ሲሉት ወደ ሥራው ይገባል። ጥቂት ነገር አስተካክለው ሲጨርሱ ኢንተርኔቱ መጣ።

ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን አፍታም አልቆየላቸው።

«ምናሴ ይኸን ሁሉ የሚደክምልኝ ምን ፈልጎ ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«እሱ አይደለም» አለች ዜማ። «ግዛ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«የምናሴ ሥራ ጅማ ሆኗል፣ አባባ። ከተጋባን እዚያው ነን። ማታ ማታ ፊትዎን ልይ ብዬ ነው።»

አቶ መርስዔ ኀዘን አገሩን ሁሉ ሲጠረጥሩ እሷን አንድ ቀን ጠርጥረው አያውቁም።

«እስቲ ይሠራ እንደሆን እንየው» አሉ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው።

ዜማ ስልኳን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ወጣችና ወደ ላፕቶፑ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

«እታያለሁ፣ አባባ?»

«ትታያለሽ።» ዞር ብለው ባዶውን ቤት አዩት። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይላክ በይው። አሁን ግን ግቢ። ግቢልኝ፣ ልጄ።»