ባለ ቀይ ነጥቧ

ልጄ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። አሮጌ መኪና ትገዛለች፣ ፈታትታ ታድሰዋለች፣ ከዚያ ፎቶውን ፔጇ ላይ ለጥፋ ትሸጣለች። ከደንበኞቿ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ባለ ቀይ ነጥቧ» ነው የሚሏት። መኪናው ውስጥ ያረጀና ያልተቀየረ ነገር ካለ ቦታው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርግበታለች። መጀመሪያ የምትለጥፈውም የነጥቡን ፎቶ ነው። ከልጅነቷም እንዲህ ነበረች። ሳህን ስትሰብር ስብርባሪውን ይዛ ራሷ ትመጣለች እንጂ አትደብቅም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ ጋር ስለሆነ የማነበው ቀስ ብዬ ነው። ቢሆንም የምትጽፈው አያመልጠኝም። «ፔዳሉ ይከብዳል።» «መብራቱ አይሠራም።» ሌሎቹ ሻጮች «እንደ አዲስ» ብለው ያልፋሉ።

ባሏ ይህ ነገሯ አይጥመውም። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ፎቶ የሚያነሳውም ደንበኛ የሚያነጋግረውም እሱ ነው።

«ኩፍኝ የወጣበት መኪና ማን ይገዛል?» ይላታል።

«ያየ ይገዛል» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አንድ ቀን እሷ መለዋወጫ ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ የአንዱን መኪና ሽፋን ከፍቶ ውስጡን በጥጥ ሲያሽ አገኘሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አቧራ ነው እማማ።»

አቧራ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ አይሸትም። ግን በባልና ሚስት መሃል አልገባም ብዬ ዝም አልኩ። መኪናውን በማግስቱ ራሱ ፎቶውን ለጥፎ ሸጠው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የግቢው በር ሊገነጠል ደረሰ። አንዲት ልብስ ሰፊ ያንን መኪና ደረቷ ላይ ታቅፋ ገባች።

«ባለ ቀይ ነጥቧ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ግቢ እህቴ፣ አረፍ በይ።»

«እህትሽ አይደለሁም! የስልሳ ተማሪ ዩኒፎርም ሰኞ ላስረክብ ተዋውዬ፣ የመኪናው ጥርስ ሥራ መሃል ላይ እንክት አለብኝ።» መኪናውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። «ሌላ ሻጭ ቢሆን ፈትሼ ነበር የምወስደው። ነጥብ የለውም ብዬ እንዳልፈትሽ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ!»

ልጄ ሽፋኑን ፈታች። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ለሁለት ተከፍሏል። አጎንብሳ ብዙ አየችው። ጥጡ ያልደረሰበት፣ ከቡሎኑ ሥር፣ ክር የምታህል ቀይ ነገር ቀርታለች።

«መንገድ ላይ ተመትቶ ነው» አለ ባሏ ፈጥኖ። «አያያዝ ካልተቻለ እኛ ምን እናድርግ?»

«አንተ አፍህን ሰብስብ!» ሴትዮዋ ስልኳን አወጣች። «አሁኑኑ ፔጅሽ ላይ ሌባ ናት ብዬ እጽፋለሁ። ስንት ዓመት የለፋሽበት ስም ነው? ዛሬ አበቃለት!»

ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። ባሏ ወደ ልጄ ጆሮ ጠጋ ብሎ «መንገድ ላይ ነው በይ፣ አንዴ ሌባ ከተባልሽ አለቀልሽ» ሲል ሰማሁት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ያን ቀን ቤት ነበርሽ።»

«ነበርኩ። ሲያጠፋው አይቻለሁ።»

«እማማ! በእኔ ላይ?» አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«በአንተ ላይ። ለእሷም ያን ቀን አለመናገሬ ይቆጨኛል።»

ልጄ ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደች። «አንቺ አትጻፊ» አለቻት ሴትዮዋን። «እኔ እጽፈዋለሁ።» የተሰበረውን ጥርስ ከተረፈችው ቀይ ጋር ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥርሱ እንዳረጀ አውቄ ነጥብ አድርጌበት ነበር። ነጥቡ ቤቴ ውስጥ ጠፍቶ መኪናው ተሸጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ስለ ባሏ አንድ ቃል የለም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ አጣሁ።

ሴትዮዋም አነበበች። አልበረደላትም። «ባልሽንም ቀቢው!» አለች። አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ።

ልጄ ለማንም የማትሸጠውን፣ የራሷን መኪና አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ ብላ አንድ ኮሌታ ሰፋችበት፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ሳበችው። ከዚያ መኪናውን ታቅፋ ወጣች። ደህና ሁኑም አላለች።

ፔጁ ላይ የስድብ ዝናብ ወረደ። ከሁሉ ልጄን ያመማት ግን ስድብ ያልነበረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ነጥብ የሌለውን ከእንግዲህ በምን እንመን?» ሦስት ሳምንት ስልኳ አልጮኸም። ባሏም እኔን ማነጋገር ትቶ «ለአያታችሁ ንገሯት» እያለ በልጆቹ በኩል ይልክብኛል።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰውዬ የራሱን ጨርቅና ክር ይዞ መኪና ሊገዛ መጣ። ሰላምታው የግድ ነበር።

«ጠረጴዛው ላይ ያለው መኪና ንጹሕ ነው!» አለ ባሏ ከበሩ ላይ። «አንድም ነጥብ የለውም!»

ልጄ ወንበሩን ለሰውዬው ሳበችለት።

«አንተ ዝም በል» አለችው ባሏን። «እሱ ይስፋበት።»