አንድ ማዕድ፣ ብዙ ድስት

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ድስት ማጠብ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ኃላፊ ሽሮ የተሠራበትን ድስትና ሥጋ የተሠራበትን ድስት በአንድ ገንዳ ነክሬ ስታገኘኝ ውኃውን በሙሉ አስደፋችኝ።

"የጾሙንና የፍስኩን በአንድ ውኃ? እናትሽ እንዲህ ነው ያስተማረችሽ?"

"እናቴ ያላት ድስት አንድ ነው" አልኋት።

ሳቀች። "እዚህ አርባ ነው። በይ ውኃ ቅጂ።"

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፤ ከዚያ የሚያልፈውን ያስተማረኝ ወጥ ቤቱ ነው። ከዕቃ አጣቢነት ወደ ሽንኩርት ከታፊነት፣ ከዚያ ወደ ረዳት ወጥ ሠሪነት፣ ከዚያ ወደ ወጥ ሠሪነት አለፍሁ። በመጨረሻ የወጥ ቤት ኃላፊ ሆንሁ። ነጭ ቆብ ሰጡኝ፤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት። ሻሼ ይበቃኝ ነበር።

ማረፊያው ስብሰባና ሥልጠና ስለሚካሄድበት ሰው ከየአገሩ ይመጣ ነበር። ኃላፊ እንደሆንሁ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ በየድስቱና በየጭልፋው እጀታ ላይ ክር ማሰር ነው። አረንጓዴ ክር የጾም ነው። ቀይ የፍስክ። ነጭ ደግሞ የሙስሊም ሥጋ የሚሠራበት። ቢላውና መክተፊያውም እንደዚሁ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከደመወዙ በፊት የሚነገረው የክሩ ነገር ነበር።

የነጩ ክር ባለቤት ወጥ ሠሪዋ ዘሀራ ነበረች። ክርስቲያን የሙስሊምን፣ ሙስሊም የክርስቲያንን ሥጋ አለመብላቱ በእኛ አገር ያለ ነው፤ እኔና ዘሀራም በዚህ ተቀያይመን አናውቅም። ምሳችንን ሁልጊዜ በአንድ ጠረጴዛ፣ እሷ ከእሷ እኔም ከእኔ ሳህን፣ ዳቦውን ለሁለት ገምሰን እንበላ ነበር። "የአንቺ ወጥ ሽታው ደኅና ነው፤ ባለመብላቴ ግን አልከሳሁም" ትለኛለች። በእርግጥም አልከሳችም።

ደሴ የሚባል አስተናጋጅ ነበረን። ጎበዝ ነው፤ እንግሊዝኛም ያውቃል። ሰው ሲጎድል ወጥ ቤት ገብቶ ያግዘናል። አንድ ረቡዕ፣ ከማክሰኝት ለሥልጠና የመጡ ገበሬዎችና ሁለት ቄሶች ምሳ ሲጠብቁ፣ ቀይ ክር ያለውን ጭልፋ ከሽሮው ድስት ነከረው። ጭልፋው ላይ ቅቤ ነበረበት። ሳየው ራሱም አየ።

"እትየ፣ ዝም ብንል ማን ያውቃል?" አለኝ።

"አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። ገብተህ ንገራቸው።"

"እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እርስዎን ያከብሩዎታል።"

"የነከርኸው አንተ፣ የምናገረው እኔ? ይህ ፍርድ ነው?"

አዳራሹ መሐል ቆሞ ነገራቸው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ትልቁ ቄስ "ልጄ፣ ሽሮውን እንተወዋለን፤ አንተን ግን አንተውህም" አሉትና ዳቦ በቲማቲም በሉ። ደሴ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። እኔም ከሁለት ሳምንት በላይ ማኩረፍ አይቻልም አልሁት፤ ሥራው ያገናኘናል።

ከዚያ ትልቁ ስብሰባ መጣ። ሐይቅና ወንዝ ካላቸው አገሮች ሁሉ ሰዎች ተጠርተው ነበር። የእኛን ሐይቅ እንቦጭ ሲወርሰው እንዳየነው በሌላውም አገር እንዲሁ ያለ ችግር አለ አሉ። ውኃው ድንበር ስለማያውቅ ሰውም እንደ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ይምከርበት ነው ነገሩ። ከበሩ በላይ "ዓለም አንድ ቤት ናት" የሚል ጨርቅ ተሰቀለ።

የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ አቶ መኮንን ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ሲያናግረኝ ግን ሁልጊዜ በአክብሮት ነው።

"ወይዘሮ ጥሩዬ፣ በዚህ ሳምንት የክሩን ነገር ይተዉት። ሁሉም ከአንድ ድስት ይብላ። የስብሰባው መልእክት ይኸ ነው።"

"ማን አለ?"

"አዘጋጆቹ።"

"አዘጋጆቹ ምን ይበላሉ?"

"እነሱማ ሁሉንም ይበላሉ።"

"እንግዲያው ለእነሱ ምን ቸገራቸው? ሁሉን የሚበላ ሰው አንድ ድስት ይበቃል ቢል የሚቀርበት ነገር የለም። የሚቀርበትን ሰው ጠየቃችሁት?"

ሰዓቱን አየ።

"ጠረጴዛዎቹን ገጥሜ አንድ ረጅም ማዕድ አደርግልዎታለሁ። አንዱም ሰው ለብቻው አይቀመጥም። ድስቱን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።"

በዚህ ተስማማን። ጠረጴዛዎቹን ገጠምን፤ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ አንድ ማዕድ ሆነ። ሱዳናዊቷ ከጀርመኑ ጎን፣ ኬንያዊው ከቻይናው መሐንዲስ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቻይናው እኛ የምንጥለውን የዓሣ ራስ እየለመነ ይበላ ነበር። ዘሀራ በየቀኑ እየለየች ታስቀምጥለታለች። "ይኸ ሰውዬ አገር ቤቱ ሲመለስ ማን ያበላዋል?" ብላ ታዝናለች፤ ሚስትና ልጆች እንዳሉት እየነገርናት።

ከእንግዶቹ መሐል ላክሽሚ የምትባል ሕንዳዊት ነበረች። ስለ ውኃ የምታስተምር፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን በደሴ አስተርጓሚነት ጠየቀችኝ፤ ሥጋ አልበላም፣ የቱን ልብላ አለች።

"ከአረንጓዴው ክር ብይ በላት" አልሁት። "ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። የጾም ነው።"

በላች። በተለይ ድንቹን ወደደችው። በሁለተኛው ቀን ሳህኗን ይዛ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመችና ደሴ ያስተማራትን ቃል "ይጣፍጣል" ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ኩራት ተሰማኝ። ጨመርሁላት። በሦስተኛውም ቀን ጨመርሁላት።

አሁን ስለ ዘይቱ ልንገራችሁ። በእኛ ከተማ ሐይቁ ደጃችን ነውና ብዙ ሰው በጾም ዓሣ ይበላል። ካህናቱ አይበሉም፤ የባሌ ወንድም መሪጌታ ናቸው፣ በዚህ ነገር ሲገሥጹኝ ኖረዋል። እኔ ግን እበላ ነበር፤ በወጥ ቤታችንም ዓሣ የሚጠበሰው ከአረንጓዴው ክር ጋር ነበር። ዓሣ የተጠበሰበትን ዘይት አንደፋም። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለን በማሰሮ እናስቀምጥና ለድንቹና ለጎመኑ ሽንኩርት ማቁያ እናደርገዋለን። ጣዕም ይሰጣል። ድንቼ በከተማው የተመሰገነው በዚያ ዘይት ነው።

አርብ ምሳ ላይ ደሴ የዓሣ ጥብስ በትሪ ይዞ በማዕዱ ዙሪያ ዞረ። ተመልሶ ሲመጣ እየሳቀ ነበር።

"ላክሽሚ እኮ ዓሣም አትበላም። እናት ያለውን ነገር ሁሉ አልበላም ነው የምትለው። ከተወለደች ጀምሮ ቀምሳ አታውቅም። አያቷም፣ ቅድመ አያቷም አይበሉም።"

"ዓሣም?"

"ዓሣም።"

እጄ የዘይቱ ማሰሮ ላይ ነበር። ዘሀራ አየችኝ። ዘይቱን ያጠለልነው አብረን ነው።

ሦስት ቀን። እኔ እየጨመርሁላት።

አቶ መኮንንን ለብቻው ጠርቼ ነገርሁት። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ። ነገ ዘይቱን ይቀይሩ፣ አለቀ። አታውቅም፤ አልታመመችም። ብታውቅ ምን ትጠቀማለች? ማዘን ብቻ ነው። የእኛም ስም ይጠፋል።"

"ስለ እሷ ሆድ እኔና እርስዎ አውቀን እሷ ሳታውቅ ልትሄድ ነው?"

"ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ከተናገሩ ሽርጥዎን ሰቅለው ይሂዱ። እንዲህ ስል ደስ ብሎኝ አይደለም።"

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። የትንሿ ልጄን የኮሌጅ ትምህርት የማስጨርሰው በዚያ ሥራ ነበር። ደግሞም ሰውየው ያለው ነገር ባዶ አይደለም፤ ሐዘን መጨመር ምን ጥቅም አለው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ግን ስመለስ ደሴ ትሪውን ይዞ ከፊቴ ቆሟል። እሱን አዳራሽ መሐል ያቆምሁት እኔ ነኝ።

"ና አስተርጉምልኝ" አልሁት።

"ምን ልበላት?"

ነገርሁት። ትሪውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው የሚነግሯት፣ እትየ? እንደ እኔ?"

"አይደለም፤ ከሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ስታርፍ ነው። የአንተ ሽሮ የሁሉም ምሳ ነበር። ይህ የእሷ ቁስል ነው፤ ሰው ልትጠራበት ብትፈልግ ራሷ ትጥራ። እኔ ግን እንደ አንተው ቆሜ ነው የምናገር።"

"ለእኔ አዳራሽ፣ ለእርስዎ የዛፍ ጥላ" አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን ክንዴን ያዘኝ።

ከሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ቆምሁና ነገርኋት። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት እንደሆነ፣ በእኛ ዘንድ ከጾም እንደሚቆጠር፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ምን አትበይም ብዬ ሳልጠይቅ የራሴን ሕግ እንደሰጠኋት። ደሴ አንድም ቃል እንዳይቀንስ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው።

አልጮኸችም። አፏን በሻርፗ ያዘች። "ስንት ቀን?" አለች።

"ሦስት።"

ተነሥታ በሐይቁ ዳር ሄደች። ራት አልመጣችም። በማግስቱም ቁርስና ምሳ አልበላችም፤ ከማዕዱ ተቀምጣ ውኃ ብቻ ጠጣች። ኬንያዊው ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቅ "ዛሬ እየጾምሁ ነው" አለችው፤ ሌላ አልተናገረችም። ቋንቋዋን አላውቅም፤ ያን ግን አወቅሁት። እኔም ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ዘሀራ ግን ዳቦውን ገምሳ ድርሻዬን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። "ቤትሽ ሄደሽ ትበይዋለሽ፣ ግትር" አለችኝ።

ከጾመች በማግስቱ ጠዋት ላክሽሚ ከደሴ ጋር ገበያ ሄዳ ትንሽ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች። ወጥ ቤት ገባች። እኔ ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ ተነሣሁ። ከሻርፗ ጫፍ ሰማያዊ ክር መዝዛ እጀታው ላይ ራሷ አሰረች። ከዚያ ለደሴ ነገረችው፤ ደሴም እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ።

"በብዙ አገር በልቻለሁ ትላለች። ይህ ነገር ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ሳይደርስብኝ አልቀረም። የነገረኝ ሰው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ እስክሄድ ድረስ የማበስለው እዚህ ነው፣ እርስዎም ያግዙኛል ትላለች።"

"ይቅር አለችኝ?"

ደሴ ጠየቃት። ድስቷን ምድጃው ላይ እያስቀመጠች መለሰችለት።

"ገና ነኝ ትላለች። ግን ርቦኛል ትላለች።"

ዘሀራ ከወዲያ ሳቋን ለቀቀችው። ድንች ላጥን። አዲስ ዘይት ከፈትን። ላክሽሚ ከቦርሳዋ ያወጣችውን የእርድና የከሙን ዱቄት ጨመረች፤ እኔም ቃሪያ ጨመርሁ። ከመጨመሬ በፊት ግን አሳየኋት፣ አሽትታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እውነት ለመናገር የዚያ ቀን ድንች ከእኔ ድንች ያነሰ ነበር። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ወሬው መውጣቱ አልቀረም፤ ያወጣችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጥ ቤት ብቅ ማለት ጀመሩ። ሱዳናዊቷ ኮምጣጤው ከወይን ጠጅ የተሠራ እንደሆነ ጠየቀች። ጀርመኑ ለውዝ እንደሚያሳብጠው እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ የሚያስቸግር ሰው ላለመምሰል ብሎ ነው። ኬንያዊው ምንም የማይተው ሰው ነው፤ እንዳይቀርበት "ለእኔስ ምን ደባለቅሽብኝ፣ እማማ?" እያለ በየቀኑ ይመጣ ነበር። የስብሰባው ማብቂያ ላይ እጀታዎቹ ስድስት ዓይነት ክር ነበራቸው። ማዕዱ ያው አንድ ነው።

አቶ መኮንን አላባረረኝም። ለአንድ ወር ግን ወደ ዕቃ ማጠብ አወረደኝ። በዘይቱ ከሆነ ቅጣቱን እቀበላለሁ፣ በመናገሬ ከሆነ አልቀበልም አልሁት። "በዘይቱ ይሁን" አለኝ። ወሩን ሙሉ አጠብሁ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ ልጆች አልፎ አልፎ ምክር ይጠይቁኛል። ተማሪውም መምህሩም ከየአገሩ ነውና ወጥ ቤታቸው እንደ እኔ ወጥ ቤት ነው። የምነግራቸው ይኸን ነው። ለማታውቁት ሰው ስታበስሉ "ጾም ነው" ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ድስቱ ውስጥ የገባውን ዘርዝሩለት፣ የሚበላውን እሱ ይወስን። ከተሳሳታችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የዓለም ሰው በአንድ ማዕድ መቀመጥ ይችላል፤ በእጄ አስቀምጬ አይቻለሁ። የሚቀመጠው ግን ያበሰለለትን ሰው ካመነ ነው።