ጳጉሜ አሥራ ሁለት

ጋዲሴ ፈሪ ናት። አምቦ ውስጥ ባጃጅ ስትሳፈር እንኳ ሾፌሩን ሁለቴ «ቀስ በል» ሳትለው አትወርድም። የአንድ ጤና ጣቢያ የቀጠሮ ፕሮግራም የእጇ ሥራ ስለሆነ፣ ስልኳ በጠራ ቁጥር «ምን ተበላሸ?» ብላ ነው የምታነሳው። መስከረም 7 ቀን 2017 በጠዋት የደወለላት ነርሱ ለሜሳ ነው።

«ጋዲሴ፣ ነሐሴ 28 ያበደ ውሻ የነከሳቸው የወንጪው ገበሬ ኦቦ ኢዶሳ የመጨረሻ መርፌያቸው ዛሬ ነው። ፕሮግራምሽ ግን ‹ጳጉሜ 12 ይምጡ› ብሎ አትሞላቸዋል። እኛም ለበዓሉ ስንጣደፍ ሳናየው ሰጠናቸው። ስልክ የላቸውም።»

ክው አለች። ጳጉሜ 12! አምስት ቀን ብቻ ካላት ወር! ያ ሰውዬ ቢሞትስ?

«በስመ አብ! አስተካክዬው ነበር እኮ!»

እውነቷን ነው። ጳጉሜን ሠላሳ ቀን አድርጎ የሚቆጥረውን ስህተት ያረመችው በሐምሌ ነው። በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ መስከረም 7 አለ። ጤና ጣቢያው ሮጣ በዚያኛው ሞከረችው፤ ጳጉሜ 12! የሊንከሩን ቅንብር ከፈተች። ሊንከር ማለት የተጻፈውን ፕሮግራም ላይብረሪ ከሚባሉት ዝግጁ ኮዶች ጋር የሚያገጣጥም ነው። ላይብረሪ የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በተርታ አየች። የመጀመሪያው በእሷ ኮምፒውተር ላይ የሌለው፣ ከእሷ በፊት የጤና ጣቢያው ፕሮግራመር የነበረው የቱፋ ፎልደር ነው። ውስጡ ጳጉሜን ሠላሳ ቀን የሚያደርግ፣ «ጉያ» የሚባል አሮጌ ላይብረሪ ተቀምጧል። እሷ ያረመችውም ስሙ «ጉያ» ነው። በኦሮምኛ ቀን ማለት ነው፤ ሁለት የአምቦ ልጆች ቀን ቆጣሪን ሌላ ምን ይሉታል! ሊንከሩ እንደሆነ የማን ጉያ ብሎ አይጠይቅም፤ ቀድሞ ያገኘውን አንስቶ ይገጥማል። ስሙ ስለተገኘ ስህተት አለ አላላትም፤ እሷም ሞኝ፣ ዝም ሲላት ደህና ነው ብላ ሄዳለች።

የቱፋን ፎልደር ከተርታው አወጣች፤ አሮጌውን ውጤት አጥፍታ እንደገና አገጣጠመችው። መስከረም 7 አለ። ደስ ግን አላላትም፤ ወረቀቱ ኦቦ ኢዶሳ እጅ ነው። በጳጉሜ የተቀጠረ ሌላ ሰው እንደሌለ አጣርታ፣ ለሜሳ መርፌውን በበረዶ ሣጥን ይዞ፣ አብረው ወደ ወንጪ ወጡ። መንገዱን ሙሉ «ደርሰንባቸው ይሆን?» ስትል ለሜሳን አሰለቸችው።

«አዴ ጃለኔ፣ ኦቦ ኢዶሳ የታሉ?» አለ ለሜሳ ደጅ ላገኛቸው ለሚስቲቱ።

አዴ ጃለኔ ወደ በጎቹ ጉረኖ ጠቆሙ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

«አትክፈቱ!» አሉ ኦቦ ኢዶሳ ከውስጥ። «ቆልፉብኝ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ልጆቼን እንዳልነክስ ነው። ሐኪሞቹ ደጎች ናቸው፤ ትሞታለህ ማለቱ ቢከብዳቸው የሌለ ቀን ቀጠሩኝ።»

ጋዲሴ በሩን ይዛ ተንበረከከች።

«አይሞቱም፣ ኦቦ! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቀኑ ዛሬ ነው።»

 «ጃለኔ፣ ቁልፉን አምጪ» አሉ ኦቦ ኢዶሳ ከውስጥ።