አባቴ በሕማማት መጣ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ካለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ፣ አብዛኛውን ቀን ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው ምድር ቤት ከሚኖሩት ከአባባ ወርቁ ዘንድ ነው። አባባ ወርቁ አገር ቤት በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ጉልበታቸው እስኪታመም ድረስ ኤርፖርት ሻንጣ ሲገፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ያኔ ለእኔ ከእሳቸው በላይ አዋቂ በዓለም ላይ አልነበረም።

ሲመሽ አምፖሉን አጥፍተው ጧፍ ያበራሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ የሕንፃው ኃላፊ ስለሚቆጣ፣ ብርድም ቢሆን መስኮቱን ገርበብ ያደርጉታል። ከዚያ ንፍሮ ይጥዳሉ፤ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ የሚቀላውን ጥምዝ ብረት እኔ ፍም ነበር የምለው። ባቄላው ይንተከተካል፣ ጧፉ ሰም ሰም ይሸታል፣ እሳቸው ይተርካሉ። ጴጥሮስን ሲያመጡት ድምፃቸው ይጎረንናል፤ ዶሮው የሚጮህበት ቦታ ሲደርሱ ደግሞ የጎረቤት ውሻ እስኪመልስላቸው ድረስ ራሳቸው ይጮኻሉ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ፣ የይሁዳን ታሪክ ነገሩኝ። ወዳጅ መስሎ ቀርቦ፣ ጉንጩን ስሞ ጌታን አሳልፎ እንደሰጠ። «ስለዚህ እስከ ትንሣኤ ድረስ ሰው ለሰው አይሳሳምም፤ መስቀል እንኳ አንሳለምም» አሉኝና ቃል አስገቡኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ቃል ከገባሁ ግትር ነኝ፤ ይሄ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በማግስቱ አባቴ መጣ። እኔና እናቴ አሜሪካ ስንገባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የእሱ ወረቀት ግን ስድስት ዓመት ፈጀና አባቴን የማውቀው በስልክ ብቻ ሆነ። ኤርፖርት ስንቀበለው ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ፤ እናቴም ሥርዓቱን ሁሉ ረስታ እላዩ ላይ ተጠመጠመች። በሆዴ ታዘብኳት። ከዚያ ፊቴ ተንበርክኮ እጆቹን ዘረጋልኝ፤ እኔ ግን እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ አፈገፈግኩ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለኝ።

«አልችልም» አልኩት፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ለምን እንደማልችል የማስረዳበት አማርኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እጆቹ እንደተዘረጉ ትንሽ ቆዩና ወረዱ። እናቴ «አፍራ ነው» ብላ ሳቀች፤ እሱም ለመሳቅ ሞከረ፤ ግን እስከ ቤት ድረስ በመኪናው መስኮት ተራሮቹን ሲያይ መጣ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። የመኝታ ቤቱ በር አልተዘጋም።

«አታውቀኝም» ይላታል አባቴ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶዋን ስስም ኖሬ፣ ልጄ ሸሸችኝ። ምናለ ባልመጣሁ ኖሮ!»

ብስመው ይሁዳ መሆኔ ነው፤ ባልስመው አባቴን ላጣው ነው። ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ደረጃውን ወርጄ የአባባ ወርቁን በር ደበደብኩ።

የዕለቱን ጉልባን ጥደው ነበር። እያለቀስኩ ስነግራቸው ምድጃውን አጠፉና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። ይሁዳ ሊስመው ሲቀርብ ጌታ ምን ያደረገ ይመስልሻል?»

«ሸሸ?»

«አልሸሸም። ፊቱን እንኳ አላዞረበትም። ያንኑ ሰው ወዳጄ ብሎ ነው የጠራው።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን አነሡና፣ ጉልበታቸው በየደረጃው እየተቃወማቸው ፎቅ ወጡ። በሩን የከፈተው አባቴ ነበር። «እሷ የእኔን ቃል ጠብቃ ነው እንጂ አንተን ጠልታ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ» አሉት፤ ሁሉንም ከሥሩ አስረዱት። ከዚያ አገላብጠው ሳሙት። ሕማማት መሆኑን ከሁላችንም አብልጠው የሚያውቁት ሰው! አባቴ ደንግጦ ወደ እኔ ሲዞር ሮጬ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ጢሙ ወጋኝ። በስልክ ብቻ የማውቀው ድምፅ ደረቱ ውስጥ ሲነዝር ተሰማኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ዴንቨር ውስጥ ሴሚናሪ ገብቼ ነገረ መለኮት እማራለሁ። የፈረንጆቹ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚያልፍ የእኛ ሕማማት ከፈተና ጋር ይገጥማል፤ ጠዋት ፓርክ ሂል ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ስለ ሕግና ስለ ጸጋ ስጽፍ አረፍድና፣ ከሰዓት ለስግደት ወደ ኦሮራ እነዳለሁ። መምህሮቼ የተማሩ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ አልገፋ ሲለኝ የሚመጣልኝ ግን የእነሱ ትምህርት ሳይሆን የዚያ ሳምንት ዓርብ ነው።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየው አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ከአባባ ወርቁ ጎን ስሰግድ ዋልኩ። በመጨረሻ ቄሱ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ ሰው የስግደት ቁጥር ሰጡ፤ ለአባባ ወርቁ ጉልበታቸውን አይተው ጥቂት ብቻ አዘዙላቸው። እሳቸው ግን ያንን ጨርሰውም አላቆሙም። ሰው ወደ መኪናው ሲሄድ፣ እሳቸው ወንበር ተደግፈው ይነሣሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ።

«አባባ፣ የእርስዎ አልቋል እኮ» አልኳቸው።

«ይሄ የትናንቱ ነው» አሉ እያለከለኩ። «በሕማማት ሰው ስሜ ሥርዓት አፍርሻለሁ።»

«ተጸጸቱ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ፈርቼ ነበር።

ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀና ብለው ከኋላዬ ጫማዬን ይዞ የሚጠብቀኝን አባቴን አዩት።

«ምን በወጣኝ!» አሉ። «ዛሬ ቢመጣም እስመው ነበር።» ከዚያ እንደገና ሰገዱ። አባቴ ጫማዬን መሬት ላይ አስቀመጠና ከጎናቸው ሆኖ አብሯቸው ሰገደ። ሥርዓትን ማክበርና ሰውን መውደድ ሲጋጩብኝ፣ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።