ቅዳሴ አልወጣም

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርሁትም፤ ሳያውቅ ሞተ። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ሌላውን ኃጢአቴን፣ የጎረቤት ሐሜቴን ሳይቀር፣ ዘርዝሬ እዚህ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ እነሆ ለዚህ ዋለልኝ። የምታነቡት ሁሉ፣ ቄስ ባትሆኑም፣ እስክጨርስ ታገሡኝ።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ገና የሃያ ዓመት ሴት ነኝ፤ የምንኖረው ኮሶዬ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ነው። ባሌ ጎንደር ከተማ የጭነት ማኪና ላይ ይሠራል፤ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እናቱን፣ እማሆይን፣ የምጦር እኔ ነኝ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ጆሯቸው ሥር ካልጮኹ የማይሰሙ ሴት ናቸው። ክፉ አማት አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ የማመካኝበት ባገኘሁ።

ችግሬ የሚተኙበት አጎዛ ነበር። ተኝተው ሳሉ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። ጠዋት ጠዋት አጎዛውን ተሸክሜ ወንዝ እወርዳለሁ። የኮሶዬን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ አጥባለሁ፣ በዚያ ጉም ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። አንጀቴ ያርር ነበር። ማን ያየኛል? ማን እጅሽ ይባረክ ይለኛል? እላለሁ። እሳቸው ግን በየቀኑ ይሉኝ ነበር፤ የማልሰማው እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን መጡ። እማሆይ ተኝተው ስላገኟቸው ሊቀሰቅሷቸው አልወደዱም፤ ለእኔ ነገሩኝ። «ደካማ ጾም የለበትም። ጠዋት ጠዋት የገብስ ሙቅ ስጫቸው። እኔ ፈትቻቸዋለሁ፣ አይጨነቁ በያቸው።» እሺ አባ ብዬ መስቀል ተሳለምሁ።

ልነግራቸው ነበር፤ እምልላችኋለሁ። በመጀመሪያው ሰኞ ግን ማገዶ ስለቅም ዋልሁና ሳልነግራቸው ቀረሁ። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እህል ሳይቀምሱ ጠበቁ። ደወሉን አይሰሙም፣ ፀሐዩን አያዩም፤ ሰዓታቸው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የተመለስሁት ሊመሽ ሲል ነው። ጥቂት አጎረስኋቸውና ተኙ። በማግስቱ አጎዛው ደረቅ ነበር።

ያን ደረቅ አጎዛ በእጄ ዳብሼ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ!

ከዚያ ወዲያ ረሳሁ ማለት አልችልም። ቅዳሴ ይወጣል፤ እኔ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እሳቸው ከመደቡ ላይ ሆነው «የኔ ልጅ፣ ቅዳሴ ወጣ?» ይላሉ። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «አልወጣም እማሆይ!» እላለሁ፤ የበላሁት ሽሮ ከአፌ ሳይጠፋ። ሸትቷቸው ይሆን? ሸትቷቸው ዝም ብለው ይሆን? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል «ወጣ» እላለሁ፤ እማሆይ ትንሿን ጉርሻ እያላመጡ ይቀልዱ ነበር። «ዘንድሮስ ቄሶቹ በረቱ። ሸጋ ነው፤ በእኛ ጊዜም ቅዳሴ እንዲህ ይረዝም ነበር።»

ባሌ መጣና «ምነው እናቴ እንዲህ ከሱ?» አለኝ። ጾሙን አክርረው ነው፣ ማን ይመልሳቸው አልሁት። እሳቸው ያልነውን አልሰሙም፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው «ይችን ልጅ አደራ፣ እንዳታስቀይማት። እሷ ባትኖር ጅብ በበላኝ» አሉት። ያኔ እንኳ አልተናገርሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ወንዝ የወረድሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ሆሳዕና አራት ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠየቁኝ። አልወጣም አልሁ። እጃቸውን ዘርግተው ቀሚሴን ያዙና «እንግዲያው ትንሽ ብቀምስ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» አሉ።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኋቸው።

ቀሚሴን ለቀቁት። እኔ ጎረቤት ቤት ጥጥ ልፈትል ሄድሁ። ስመለስ ሞተዋል።

በቀብሩ ላይ የንስሐ አባታችን ወደ ጎን ጠሩኝ። ያልሁሽን ነግረሻቸው ነበር? አሉኝ። «ነገርኋቸው አባ። እምቢ አሉ።» አባ አለቀሱ። ከዚያም ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ እማሆይ ከጾም ተፈትተው ሳለ እምቢ ብለው እስከ ሞት ጾሙ ብለው ተናገሩ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሞት ለእኛም ይስጠን አለ። እኔንም ጧሪ አያሳጣሽ እያለ መረቀኝ፤ አሜን አልሁ።

ነገሩ በዚያ በቀረ! ወሬው ከደብር ደብር ዞረ። የታመሙ አረጋውያን ቄስ ሲፈታቸው፣ እማሆይ እምቢ ብለው የለም ወይ እያሉ አፋቸውን ይገጥሙ ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤታችን አያ ካሴ እንዲህ እንዳሉ ሞቱ። ሚስታቸው ማንኪያ ይዛ ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበሉ ነበር። አልተናገርሁም። ልጅ ነበርሁ፣ ደክሞኝ ነበር ልበል? አያ ካሴ ሲሞቱ ልጅ አልነበርሁም፤ የምታጠብ አጎዛም አልነበረችኝ። ፈርቼ ነበር፣ ምርቃቱም ጥሞኝ ነበር።

አሁን እኔም ከመደብ ውያለሁ። ጾሙ ሲገባ ቄሱ መጥተው ፈቱኝ። ምራቴ ሙቁን ይዛ መጣችና «እባክዎ፣ እንደ እማሆይ እምቢ እንዳይሉኝ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አለቀሰች እኮ! ተቀብያት ጠጣሁ። ከዚያ ወረቀት አምጭልኝ አልኋት።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚሉኝ አፈር ገብተዋል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወሬ ሲወራ ከሰማችሁ አርሙት። እማሆይ እምቢ አላሉም። የነገራቸው የለም። ርቧቸው ነበር።