ተጣማሪዬ የወደቀ ዕለት

ጅቡቲ የመጣሁት ኳስ ልጫወት ነው። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የአገሬ ልጆች እየመጡ ያርፉ ነበር፤ ሁሉም ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ሰው የሚጠብቁ ናቸው። እኔ ታኬታ ጫማዬን አንጠልጥዬ ወደ ልምምድ ስወጣ ባዩኝ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር። ሰው ለመከላከል ብሎ ይሰደዳል ወይ፣ ጎል የሚያገባ ቢሆን እሺ፣ ይሉኛል።

መሀል ተከላካይ ነኝ። አገር ቤት ጉልበቴን ተቀድጄ ለረጅም ጊዜ ከተኛሁ በኋላ የሚፈልገኝ ክለብ ጠፋ። ባለቤቴ ቀደም ብላ መጥታ ራስ ዲካ ሰፈር በአንድ የፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድር ስለነበር፣ እሷ ጠይቃ አጠያይቃ ክለብ አገኘችልኝ። የምንገናኘው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ ጨዋታ ካለ ደግሞ እሷ ከላይ ተመልካቹ መሀል ሆና፣ እኔ ከታች ሜዳው ላይ።

ጉልበቴ እንደገና ማበጥ ሲጀምር ክለቡ አንድ ካሜሩናዊ ተከላካይ አስመጣ። እኔን ሊተካ እንደመጣ ሁሉም ያወራል። አሰልጣኙ ግን አጣምሮ ጎን ለጎን አሰለፈን። አሰልጣኙ ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ጅቡቲያዊ ነው፤ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነበር። ካሜሩናዊው የሚያውቀው ፈረንሳይኛ፣ እኔ የማውቀው አማርኛና የሜዳ ሶማሊኛ። መጀመሪያ ላይ ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልተለዋወጥንም። ሜዳ ውስጥ ግን ዝም ብሎ መከላከል አይቻልም። ተከላካይ ዓይኑ ኳሱ ላይ ስለሆነ ከኋላው ያለውን የሚያየው በጓደኛው አፍ ነው። ስለዚህ «ሴሬ» ሲል ተጠጋ፣ «ሞንቴ» ሲል ወደፊት ውጣ ማለቱ እንደሆነ ለመድኩ። እሱም «ግራ» እና «የኔ» የሚሉትን ቃላት ከእኔ ወሰደ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጨዋታ ተጀምሮ እስኪያልቅ አያቋርጥም። እየዋለ እያደረ ያንን ድምፅ ካልሰማሁ ጀርባዬ ክፍት የሆነ ያህል ይሰማኝ ጀመር።

የመጨረሻው ጨዋታችን ዓርብ ዋለ። አቻ ከወጣን ሊጉ ውስጥ እንቀራለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። በጋው ገብቶ ስለነበር ሰው ሰራሹ ሳር በጫማችን ሶል አልፎ እግራችንን ያቃጥለናል፤ የጎማው ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ነፋስ ቢነፍስም የምድጃ ትንፋሽ ነው። ከዕረፍት በፊት አንድም ጎል አልገባም። በዕረፍት ሰዓት ካሜሩናዊው ግድግዳ ተደግፎ አስታወከ። ምን ሆንክ ብዬ በምልክት ስጠይቀው በእጁ ተወኝ አለኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ተጋጣሚዎቻችን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ሜዳ ገብተው ነበር። አንድ የማዕዘን ምት በጭንቅላቴ ገጭቼ አወጣሁና «ሞንቴ» የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ዞር ስል ተጣማሪዬ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ራሳችን ጎል ነው። ሮጬ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። ሁላችንም በላብ ተነክረን እሱ ደረቅ ነበር፤ ቆዳው እንደ ትኩሳተኛ ሕፃን ይፋጃል። አየኝ፣ አላወቀኝም። አንድ ነገር አለ፤ ፈረንሳይኛ አልነበረም።

ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ጮህኩ። አሰልጣኙ እስከ መስመሩ ድረስ መጣ።

«ኮች፣ ይሄ ልጅ ይውጣ! ራሱን አያውቅም።»

«ቅያሪ ጨርሰናል፤ በጎደሎ ያርዱናል» አለኝ። «ትንሽ ነው የቀረው። ጎሉ ፊት አቁመው፣ አንተ ሸፍነው።»

ኳሱ እግሬ ሥር ሲደርስ ወደ ውጭ ጠለዝኩትና ልጁ ታሟል ልል ዳኛው ጋ ሄድኩ። ሰዓት የማባክን መሰለው፤ ቢጫ ካርድ አሳየኝ። ተጋጣሚዎቻችንም እንደዚያ ስለመሰላቸው ኳሱን በፍጥነት ወረወሩ። አጥቂያቸው በተጣማሪዬ በኩል ገብቶ ወደ እኔ ጎን ቆረጠ። በዚያው ቅጽበት ተጣማሪዬ ጉልበቱ ታጠፈና በፊቱ ተደፋ።

አጥቂው ከእኔ በስተግራ፣ እሱ ከእኔ በስተቀኝ። ስሮጥ አጥቂው ላይ እንደምደርስ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው፣ እግሬም ወደዚያ ተነስቶ ነበር። ግን የተጣማሪዬ ፊት መሬት ላይ ነው። መተንፈሱን አላየሁም። ወደ እሱ ዞርኩ።

ገልብጬ አፉን ስከፍት ከላይ ጩኸቱ ፈነዳ። ቀና ብዬ ማየት አላስፈለገኝም። ኳሱ ገብቷል።

ያገባው አጥቂ ግን ደስታውን አልጨረሰም። ዞሮ ሲያየን እጁን አውርዶ ወደ እኛ ሮጠ፤ እግሩን እሱ ይዞ፣ ትከሻውን እኔ ይዤ ወደ ጥላው ተሸከምነው። ቀዝቃዛ ውኃ የሚሸጡት ሴቶች ሣጥናቸውን ከነበረዶው ገለበጡልን። በብብቱና በአንገቱ ሥር በረዶ ሞላንበት፤ ማልያውን ቀደድን። እንደ ዓሣ ይንፈራገጣል፣ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። አምቡላንሱ ሲወስደው ዳኛው ወደ ሜዳ ጠራን። ቀሪውን እንዴት እንደተጫወትኩ አላስታውስም። አንድ ለዜሮ አለቀ፤ ወረድን።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም አላየኝም። አሰልጣኙ ብዙ ቆይቶ ፊቱን ሳያዞር፣ «ኳሱን አውጥተህ ብትሄድለት ምን ነበረበት?» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።

ልብሴን ለብሼ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወደ አሠሪዎቿ ቤት የመመለሻዋ ሰዓት እየደረሰ ነበር፤ ቢሆንም አብራኝ ሆስፒታል ሄደች። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጁ በከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው እኛን ብቻ እንደሆነ ለነርሷ በፈረንሳይኛ አስረዳችልኝ። ክለቡ ከእንግዲህ እንደማይፈልገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ወለሉን እያየች፣ «ወደ ኳሱ ብትሮጥ ኖሮ ዛሬ ካንተ ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ሐኪሙ ሙቀት መትቶት ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ብሎ አስፈራርቶን ነበር፤ ኋላ ግን ተመለሰለት። የነቃ ዕለት ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እኛስ በሚል ጣቱን አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ራሱ እያመለከተ ውጤቱን ጠየቀኝ። ለእነሱ በጣቴ አንድ፣ ለእኛ በቡጢዬ ዜሮ አሳየሁት። ተከላካይ ስለሆነ ቀጥሎ የሚጠይቀውን አውቅ ነበር፤ አጥቂውን ማን ይዞት ነበር?

በምልክት ጠየቀኝም። ማንም፣ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አልነበረኝም፤ ነርሷ ከባለቤቴ የሰማችውን ነገረችው። ሰምቶ እንደጨረሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እስኪበቃው ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አገሩ ተመለሰ፤ ኳስ አቆመ። እኔ ሌላ ከፍተኛ ክለብ አላገኘሁም። አሁን ከዝቅተኛው ዲቪዚዮን ቡድን ጋር ነው የምጫወተው፤ ጉልበቴ እየያዘኝ፣ አጠገቤ በተሰለፉት ልጆች ላይ በፈረንሳይኛ «ሴሬ»፣ «ሞንቴ» እያልኩ እየጮህኩ።