ለሊሙ መንገድ የተሰፋው ቦርሳ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሜሮን አዲስ ቦርሳ ገዝታ መጣችና ሳሎኑ መሀል ዘርግታው ተቀመጠች። ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ሊወጡ ነው፤ ለብዙ ቀን በእግር እየሄዱ፣ በድንኳን እያደሩ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ያውም ከፍለው የሚሄዱ መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኳትም። እኛ እኮ በእግር የምንሄደው መኪና ስናጣ ነበር። ቦርሳው የሴት ነው አለችኝ።

"ቦርሳም ወንድና ሴት አለው እንዴ?" ብላት ከት ብላ ሳቀችና ስለ ጀርባ ቁመት፣ ስለ ማንገቻ፣ ስለ ወገብ ቀበቶ ታስተምረኝ ጀመር። ባዶውን ምንም እንደማይመዝን ደጋግማ ነገረችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት። የማውቀውን ነገር ሰው ሲያስተምረኝ ዝም ማለት በእርጅና የመጣልኝ ጸባይ ነው፤ በወጣትነቴ አይሆንልኝም ነበር። የሴት ቦርሳ ምን እንደሆነ እኔ የተማርኩት ጅማ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ግራ በተጋባሁበት በአንድ ክረምት።

ያኔ ሃያን አለፍ ብዬ ነበር። የቡናን ነገር በሚከታተል መሥሪያ ቤት ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የቡናውን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ስለነበር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሠራተኞች ከአንዱ ገበሬ ማኅበር ወደ ሌላው በእግር እየዞሩ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አይተው ይመለሳሉ። የሚሄዱት ወንዶች ናቸው። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ እነሱ በጭቃ እጃቸው የጻፉትን በንጹህ ወረቀት እገለብጣለሁ። ቡና አገር ተወልጄ፣ የቡና መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ የታመመ የቡና ፍሬ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ጀመር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ የቡድኑን መሪ አቶ ግርማን እኔም ልሂድ አልኩት።

"ጓዲት አስቴር፣ ደስ ይለናል" አለኝ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም። "መኪናው የሚያደርሰን ሊሙ ገነት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። የራሱን ዕቃ መሸከም ያቃተው በዚያው መኪና ይመለሳል፤ ወንድም ይሁን ሴት።"

"ሴት" የምትለዋን ረገጥ አደረጋት። ገባኝ። በዚያ መኪና ከተመለስኩ ዕድሜ ልኬን ወረቀት ስገለብጥ ልኖር ነው፤ ከእኔ በኋላም "ልሂድ" የምትል ሴት ብትመጣ የሚነገራት የእኔ ታሪክ ነው።

ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። "በእግር?" አለች። "በእግር" አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችውና መላጧን ቀጠለች። ታላቅ ወንድሜ ተፈራ ከዚያ በፊት ሸቤ ያለ ጓደኛዬን አይቼ ልምጣ ብሎ፣ ትንሽ ቦርሳ በጀርባው አንግቶ ከቤት ወጣ። እንደወጣ ቀረ። ታሰረ ያሉን አሉ፣ ጫካ ገባ ያሉን አሉ፣ ሌላውንም ያሉን አሉ። እናቴ ማንንም አላመነችም፤ ጥያቄውንም አላቆመችም። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሷና እኔ ነን።

እንግዲህ ቦርሳ ፍለጋ ጀመርኩ። የማማክረው ሰው ሁሉ የየራሱ ሐሳብ ነበረው፤ ምክር በበዛ ቁጥር እኔ ግራ እየገባኝ ሄድኩ። መጀመሪያ ሂርማታ ገበያ ወርጄ የወታደር ሸራ ቦርሳ አየሁ። ነጋዴው "ይሄ እኮ እህቴ፣ የልጅ ልጅሽም አይጨርሰው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጥንካሬው ያስፈራል። ግን ባዶውን ትከሻዬን ጎተተኝ፣ ታቹ ደግሞ ወርዶ መቀመጫዬን መታኝ። ለረጅም ወታደር የተሠራ ነዋ። ቀጥሎ የቢሮ ጓደኛዬ ዘይነባ አክስቷ ቤት አንዲት ፈረንጅ ነርስ ትታው የሄደች ቦርሳ አለ ብላ ወሰደችኝ። ይሄኛው ቀላል ነው፤ ከኋላው የብረት ቋሚ አለው፣ ቋሚው ከራሴ በላይ ወጥቶ ይታያል። በጎዳናው አንግቼው ሳልፍ ልጆች "አንቴና! አንቴና!" እያሉ ተከተሉን።

"ኧረ አቦ አውልቂው" አለችኝ ዘይነባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ጫካ ለጫካ ይሄን ይዘሽ ስትዞሪ ሬዲዮ ተሸክማለች ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?"

ዛሬ ያስቃል። ያኔ አያስቅም። ወዲያው አወለቅሁት።

እናቴ ግን የወታደሩን ግዢ አለች። ይሄ ገረመኝ፤ ስለ ጉዞው አንድም ቃል ያልተነፈሰች ሴት ስለ ቦርሳው ሐሳብ ይኖራታል ብዬ አልጠበቅሁም። "ጠንካራ ነው፣ ብዙ ይይዛል" አለች። "እማዬ፣ እኔ እኮ ብዙ አልይዝም" ስላት "ይሁና" አለች። እሷም ተስማማች ብዬ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ድንኳንና የጆንያ አፍ ሲሰፉ የኖሩ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ችግሬን ዘርዝሬ ስነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው "ማል! ምንድን ነው ነገሩ? ለቦርሳ ነው ይሄ ሁሉ ጭንቀት?" አሉኝ። ከዚያ አዙረው አቆሙኝና ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ለኩ።

"አየሽ፣ ጀርባሽ አጭር ነው፤ ትከሻሽም ጠባብ። የወታደሩን ዕቃ ላንቺ ብሎ የሰፋው የለም ኮ።"

"እና ምን ይሻላል፣ ጋሽ ሸምሱ?"

"ከዝናብ ልብስ እሰፋልሻለሁ፤ አይከብድም፣ ውኃም አያስገባም። ማንገቻው ውስጥ ብርድ ልብስ ቀድጄ አስገባበታለሁ። ለወገብሽ ደግሞ ማሰሪያ አደርግበታለሁ። ሴት ወገቧን በመቀነት ሳታስር ሸክም ስታነሳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ክብደቱ ወገብሽ ላይ ይረፍ። ኢንሻአላህ ትከሻሽን አያምሽም።"

ሰፍተው ሰጡኝ። ሲታጠፍ ከአንድ ነጠላ አይበልጥም። ጀርባዬ ላይ ልክክ አለ። እኔ ግን እቤት እስክደርስ ጥርጣሬው አልለቀቀኝም፤ ይሄ ስስ ነገር እሾህ ቢይዘውስ? የወታደሩን ብገዛ አይሻልም ነበር? ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ለምን እንዲህ እንደሚሆን አይገባኝም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የሰፈር ሴቶች ስንቅ ይዘው መጡ። የዘይነባ እናት ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ በትልቅ ጣሳ፣ ጎረቤታችን በሶ፣ ሌላዋ ዳቦ ቆሎ፣ ሌላዋ ቋንጣ፣ አንዷ ደግሞ ማር በጠርሙስ። እንግዲህ እኔ ቀላል ቦርሳ ፍለጋ ከተማውን ያዳረስኩ ሰው ነኝ። ግን ስንቅ ይዞ ደጅሽ ለመጣ ሰው "ይከብደኛል" አይባልም። "ከዚያ ጫካ ምን ይገኛል ልጄ፣ ያዢው" እያሉ መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ስንቁን እያየሁ ስቆዝም እናቴ "ተይው፣ እኔ እከተዋለሁ። አንቺ ጫማሽን አሰናጂ" አለችኝ። የቦርሳውን አፍ ራሷ አሰረችው።

ጠዋት ሳነሳው ወደ ኋላ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከታች አንድ ጠንካራ ነገር ወገቤን ቆረቆረኝ። የጋሽ ሸምሱ ስፌት ነው ብዬ በልቤ እረግማቸው ጀመር። እናቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። "እራት አቆይልሻለሁ" አለችኝ። የምሄደው ለሳምንታት ነው፤ እራት ምን አመጣው? ጭንቀቱ አሳስቷት ነው ብዬ ሳምኳትና ሄድኩ።

ሊሙ ገነት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን መኪናው አንድ ዳገት ላይ ጭቃ ያዘው። አቶ ግርማ "ሁሉም ዕቃውን ይዞ ይውረድ፤ መኪናው ይቅለል" አለ። ወንዶቹ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። እኔም ወገቤን አስሬ ተነሳሁ። ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ ከዳኝ፣ በጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ተነሳሁ፣ ደግሞ ወደቅሁ። ያ የሚቆረቁር ነገር አጥንቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። አቶ ግርማ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና ወርዶ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ጓዲት አስቴር፣ ከመኪናው ጋር ትመለሻለሽ" አለኝ።

"ቦርሳው ነው!" አልኩት። "የሰፋው ሰው አበላሽቶት ነው እንጂ እኔ መሸከም አያቅተኝም።" ለማሳየት ሣሩ ላይ ዘረገፍኩት። ጭኮው ወጣ፣ በሶው ወጣ፣ ማሩ ወጣ። ከሁሉ በታች፣ በእናቴ አሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። መጅ ነው። እናቴ በርበሬ የምትፈጭበት፣ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ በእጇ የምትገፋው መጅ። በአንድ ጎኑ እጇ አለስልሶታል።

ሁሉም ከበው ያያሉ። እኔ ያን ጊዜ "እራት አቆይልሻለሁ" ያለችው ገባኝ። የመኪናውን ነገር የነገርኳት እኔው ነኝ፤ መሸከም ያቃተው ይመለሳል ብዬ። ቦርሳውን እሷ ከተተችው፤ ማታ ቤቴ እንድገባላት። ተናደድኩ። ደግሞ ማልቀስ አማረኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አቶ ግርማ።

እውነቱን ብናገር ያዝንልኛል፣ አዝኖም ወደ እናቴ ይልከኛል። "መጅ ነው" አልኩት። "በርበሬ ልፈጭበት ነው የያዝኩት።"

አንዱ ፍፍ አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አቶ ግርማ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ መጅ ሆኖ ቀረ፤ አለቃ ሆኜ እንኳ ከኋላዬ እንደዚያ ይሉኝ ነበር። ያልሳቁት ሾፌሩ ጋሽ ተካ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ትልልቅ ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው ስንቁን እያነሱ ለየሰዉ አደሉት። እዚያው ጭቃ ዳር ቆመን ጭኮውን ተቃመስነው፤ አቶ ግርማም ደጋግሞ ዘገነ። ከመጁ በስተቀር የቀረውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወገቤን አሰርኩና፣ ማንም ሳያዘኝ ዳገቱን ወጥቼ አናቱ ላይ ቆምኩ። አቶ ግርማ ጣቱን እየላሰ አየኝ።

"በይ እሺ" አለ።

ሊሙ ገነት ላይ ስንለያይ ጋሽ ተካ መጁን በሻሹ ጠቅልለው ከጎናቸው አስቀመጡት። "ለእናትሽ ምን ልበላቸው?" አሉኝ ቀስ ብለው። "እራቱን አታቆዪ በሉልኝ" አልኩ። ተቆጥቼ ይሁን አዝኜ ያልኩት ዛሬም አላውቀውም።

ስለ ጉዞው ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ከዛፎቹ ሥር ስለሚሸተው እርጥብ መሬት፣ ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ እሳት ከበን ስለጠበስነው እሸት በቆሎ፣ መጀመሪያ በእጄ ስለያዝኩት ጥቁር ፍሬ። ቦርሳው እሾህ አልበላውም፤ ጋሽ ሸምሱን በየዳገቱ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ፊቴን እንኳ ሳታይ አዞረችኝና ቦርሳውን ራሷ አወረደችው። ከፍታ ውስጡን አየች፤ ባዶ ነው። "ጭኮውን በላችሁት?" አለች። "በላነው" አልኳት። ልናገራት ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ መንገድ ለመንገድ ስለማመደው የመጣሁት። ቦርሳውን እግሯ ላይ አድርጋ ማንገቻውን እያሻሸች ተቀመጠች።

"ለተፈራ ያስያዝኩት አንድ ጭብጥ ዳቦ ቆሎ ነበር" አለች። "ቀለለው። ቀሎት ሄደ።"

ከዚያ ወዲያ የዚያ መጅ ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። የተዘጋጀሁበትንም ንግግር ሳልናገረው ቀረሁ።

ሜሮን ቦርሳዋን ለክታ ስትጨርስ ጠጋ ብዬ የወገቧን ቀበቶ ዝቅ አደረግሁላት፤ እምብርቷ ላይ አስራው ነበር። "ክብደቱ ዳሌሽ ላይ ይረፍ" ስላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከየት አወቅሽው ብላ ሳትጠይቀኝ ስልኳ ጠራና ወጣች። እኔ እዚያው ተቀምጬ አሰላሁ። እናቴ ያንን ድንጋይ በሻሽ ስትጠቀልል ከእኔ የዛሬ ዕድሜ በብዙ ታንስ ነበር፤ ሜሮንን ከወለደችው ልጄ ብዙም አትበልጥም። ለካ ወጣት ሴት ነበረች፤ የሚያማክራት ሰው አልነበራትም። የሠራችው ሥራ የሞኝ ሥራ ነው እላለሁ። ግን የሚወዱት ሰው ቦርሳ አንግቶ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አሰብኩት፤ እኔም ከእሷ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።